ባሩ ለግንዱ፣ ሞተሩ ለጉና



ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት ነገሮች መመጣጠን ነው። አንደኛው የቼንሶው፣ ማለትም የሞተር መጋዙ፣ ባር ርዝመት ነው፤ ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበት ያ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት። ሁለተኛው የሞተሩ ጉልበት ነው። ሁለቱ ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ጣውላው ወጣ ገባ ይሆናል፣ ቤንዚኑ ያለ ሥራ ያልቃል፣ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ሰውም ይጎዳል። ይህን በየትኛውም አገር ያለ ባለሙያ ያውቀዋል። በደቡብ ጎንደር ለምንሠራው ለእኛ ግን ተጨማሪ ነገር አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ናት። የጉና ተራራ ጫፍ ከ4100 ሜትር ያልፋል። ከመጋዙ ጋር የሚመጣው መመሪያ ይህን ከፍታ አስቦ የተጻፈ አይደለም። ስለዚህ ባር ከመምረጣችን በፊት ከሞተሩ ጉልበት ላይ የጉናን ድርሻ መቀነስ አለብን። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ምክንያቱንና አሠራሩን ማሳየት ነው።

ጭነትን ከሚሸከመው ጋር ማመዛዘን ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ወራት የፈጀው፣ ለዚያ ክብደት የሚሆን መንገድ ቀድሞ ስላልነበረ፣ ገደሉ እየተናደ፣ ዳገቱ እየተጠረገ፣ ሠረገላው በሰው ክንድ እየተሳበ ስለተሄደ ነው። መሣሪያ ብቻውን አይሠራም፤ የሚሠራበት መሬትም አብሮ ይቆጠራል።

ጣውላ መሰንጠቅም ከሞተሩ በፊት የነበረ ሙያ ነው። ግንዱ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይጋደማል። አንዱ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ታች ሆኖ ይቀበላል። ጥቁር የተቀባ ሲባጎ ተወጥሮ ግንዱ ላይ ይለቀቅና መስመሩን ያትማል፤ ከዚያ ትልቁ መጋዝ በሁለት ሰው ክንድ ይወጣል፣ ይወርዳል። ግንዱ ሰፊ ከሆነ ሥራው ይዘገያል፤ ሰዎቹ ሲደክማቸው ያርፋሉ። ማንም ሳይነግራቸው የእንጨቱን ስፋት ከትንፋሻቸው ጋር ያመጣጥኑ ነበር።

የሞተር መጋዝ ከዚያ ዘመን ብዙም አይርቅም። ጀርመናዊው አንድሬያስ ስቲል በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የመጀመሪያ መጋዙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ በቤንዚን የሚሠራውን ደግሞ በ1929። የዛሬው ሰንሰለት ጥርስ ቅርጽ የመጣው ከአሜሪካዊው ጆ ኮክስ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1946 የእንጨት ጥንዚዛ እጭ ግራና ቀኝ እየነከሰች እንጨቱን ስትቦረቡር አይቶ ያንኑ በብረት ሠራው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ብቻውን ዛፍ ጥሎ ጣውላ ማውጣት ቻለ። ለሁለቱ ሳቢዎች ይሠራ የነበረው የእረፍት ሚዛን ግን አብሮ አልመጣም፤ በዕውቀት መተካት ነበረበት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዛፍ መጣልና ጣውላ መሰንጠቅ ለሞተሩ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ዛፍ ስንጥል ወይም ግንድ ስናሳጥር መጋዙ በአግድም ያልፋል፤ ቶሎ ያበቃል፤ ሞተሩም ትንፋሽ ያገኛል። የ4 ሜትር ግንድ በቁመቱ ስንሰነጥቅ ግን ነዳጁ እስከ ጥግ ተከፍቶ ለብዙ ደቂቃ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ጥርሱም የሚጋፈጠው የእንጨቱን ክር በጎኑ ሳይሆን ከጫፉ ነው፤ እያንዳንዱን ክር በጥሶ ማለፍ አለበት። ለዚህ ነው ዛፍ ለመጣል በቂ የሆነ ሞተር ጣውላ ላይ የሚሸነፈው።

ጉልበቱን የሚበላው ማን እንደሆነ በቁጥር እንየው። በትልልቆቹ መጋዞች ላይ በብዛት የሚገኘው፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሚባለው ሰንሰለት፣ ጥርሶቹ በየ3.8 ሴንቲ ሜትሩ ይቀመጣሉ። ግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ጊዜ እንጨት ውስጥ ያሉት ጥርሶች 8 ያህል ናቸው። 60 ከሆነ 16 ይሆናሉ። ሞተሩ ያው ነው፤ የሚጎትተው ጥርስ ግን እጥፍ ሆነ። ያልጠነከረ ወይፈን ጠምዶ ዋልካ የሚያርስ ገበሬ የለም፤ ረጅም ባር በትንሽ ሞተር ላይ ማሰርም ከዚያ አይለይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ረጅም ባር በጠባብ ግንድ ላይ ቢሠራ ሞተሩን ወዲያው አይገድለውም፤ እንጨት ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቁጥር በግንዱ ስፋት ይወሰናልና። ጉዳቱ ሌላ ነው። ሰንሰለቱ በባዶ የሚፋተግበት ርዝመት ይጨምራል። ዘይቱ ጫፉ ድረስ አይደርስም። ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል። ከሁሉም በላይ ባሩ ስለደረሰ ብቻ ሰፊ ግንድ ውስጥ የመክተት ፈተና ይመጣል። ስለዚህ ትክክለኛው ባር ግንዱን በበቂ ትርፍ የሚያልፍ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ርዝመት ጥቅም የለውም። አላስካ ሚል በሚባለው የብረት ማቀፊያ የምትሠሩ ከሆነ ማቀፊያው ራሱ ከባሩ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይወስድባችኋል። በ50 ሴንቲ ሜትር ባር የምትሰነጥቁት ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ነው ማለት ነው።

በዝቅተኛ ቦታ ላይ ጣውላ የሚሰነጥቁ ባለሙያዎች የሚነሡበት ልክ በግርድፉ እንዲህ ነው። የሲሊንደሩ ይዘት 50 ሲሲ አካባቢ የሆነ ሞተር ለማገዶና ለአጣና ነው፤ ለጣውላ አይመከርም። 70 ሲሲ ሞተር እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 90 ሲሲ እስከ 75፣ 120 ሲሲ ደግሞ እስከ 1 ሜትር ገደማ የሚሰፋ እንጨት ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች ሳንለውጥ ወደ ጉና ብናመጣቸው እንሳሳታለን።

ምክንያቱ አየር ነው። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው ኦክስጅን ነው። ፒስተኑ በየዙሩ የሚስበው የአየር መጠን እዚህም ሆነ ባሕር ዳርቻ ያው ነው፤ በዚያ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን እዚህ ያንሳል። የጉናን ዳገት ስንወጣ እኛን የሚያስተነፍሰን ይኸው ስስ አየር ነው። በመካኒኮች ዘንድ የታወቀው ስሌት እንዲህ ነው፦ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 2700 ሜትር ላይ 27 በመቶ መሆኑ ነው። ሩቡ ሄደ በሉት።

ይህ ሩብ ምን እንደሚያደርግ በታወቁ መጋዞች ላይ እንየው። ስቲል ኤምኤስ 660 የተባለው ትልቅ መጋዝ 91.6 ሲሲ ነው፤ ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት 5.2 ኪሎ ዋት ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሩቡን ስንቀንስ 3.9 ኪሎ ዋት ይቀራል። ይህ ቁጥር የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የታናሹ የኤምኤስ 381 ነው፤ 72.2 ሲሲው መጋዝ በዝቅተኛ ቦታ የሚሰጠው ጉልበት ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ትልቁን መጋዝ ተሸክሞ ደብረ ታቦር የገባ ሰው በእጁ የያዘው የመካከለኛውን መጋዝ ጉልበት ነው። መካከለኛውን ይዞ የመጣ ደግሞ 2.9 ኪሎ ዋት ገደማ ይቀረዋል፤ ያም ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለጣውላ የማይመከረው የትንሽ መጋዝ ጉልበት ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ከዚህም ይወርዳል።

ስለዚህ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ልኩን እንደገና እንጻፈው። 70 ሲሲ ሞተር እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 90 ሲሲ እስከ 55፣ 120 ሲሲ እስከ 75። ባሩም ከዚህ ጋር ይሂድ፦ ለመጀመሪያው 50 ሴንቲ ሜትር፣ ለሁለተኛው ከ65 እስከ 70፣ ለሦስተኛው 90። እነዚህ ልኮች እርጥብ እንጨትንና በደንብ የተሳለ ሰንሰለትን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። እንጨቱ ከደረቀ ወይም ጠንካራ ከሆነ አሁንም ዝቅ በሉ።

ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ራሱ ይናገራል። ጆሮ ካለን እንሰማዋለን። ጥርሱ እንጨት ሲይዝ ድምፁ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ከተረጋጋ ደህና ነው። እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ወደ ማጉረምረም ከተጠጋ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው፤ የሚቃጠል ነገር ይሸታችኋል። ከመጋዙ የሚወጣውን ፍርካሽ መዳፋችሁ ላይ ተቀበሉት፦ ጥራጥሬ ያለው ከሆነ ጥርሱ እየቆረጠ ነው፤ እንደ ጤፍ ዱቄት ልሞ ከወጣ ጥርሱ ደንዞ እንጨቱን እያሸ ነው። የባሩ ጫፍ ወደ ሰማያዊ ከለወጠ ዘይት አልደረሰውም። ከእነዚህ አንዱን ስታዩ መግፋት ይቁም። የጣውላ መጋዝ በክንድ አይገፋም። ከቻላችሁ ግንዱን ትንሽ ተዳፋት አድርጋችሁ አስተኙት፤ መጋዙ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይሄዳል፤ እናንተ መምራት ብቻ ነው።

ከከፍታው ጋር የሚመጣ ሁለተኛ ጉዳይ አለ፤ እሱ ደግሞ ሞተር ይገድላል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛበታል። መጋዙ ይታፈናል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ባለሙያው ኤች የሚል ምልክት ያለበትን ብሎን ጥቂት ወደ ቀኝ ያጠብቃል፤ ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይጠራል። እስከዚህ መልካም ነው። ነገር ግን ያው መጋዝ በማግሥቱ ለሥራ ወደ ወረታ ይወርዳል እንበል። ወረታ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከደብረ ታቦር 900 ሜትር ዝቅ ይላል። ወደ መተማ ከሄደ ደግሞ ከ1000 ሜትር በታች ይገባል። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ጉና ላይ የተቀነሰው ቤንዚን አይበቃውም። በዚህ ዓይነት ሞተር ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባው ነው። ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ከመቼውም በላይ ፈጥኖ፣ ደስ በሚል ድምፅ ይሮጣል፤ ከዚያ ይነክሳል። ስለዚህ የወረደ መጋዝ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብሎኑ ወደ ግራ ይመለስ። ካርቡራቶሩን በኤሌክትሮኒክ ራሱ የሚያስተካክል አዲስ መጋዝ ያላችሁ ከዚህ ጭንቀት ነፃ ናችሁ፤ ከጉልበት መቀነሱ ግን ማንም ነፃ አይደለም።

የቤንዚንና የዘይት ቅልቅልም በግምት አይሁን። ጥራት ያለው የሁለት ምት ሞተር ዘይት 1 ለ50 ይገባል፤ 5 ሊትር ቤንዚን ላይ 100 ሚሊ ሊትር። ዘይቱ ተራ ከሆነ 1 ለ25፤ 200 ሚሊ ሊትር። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለባሩ የምታደርጉ ካላችሁ ተዉት። ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑንም ባሩንም ይበላል፤ የሚረጨውም በእጃችሁና በፊታችሁ ላይ ነው።

የሲሲውን ነገር ደግሞ ገበያ ላይ ስትገዙ አረጋግጡ። የተለጠፈበት ቁጥርና ውስጡ ያለው ሲሊንደር የማይገናኙ ርካሽ መጋዞች ብዙ ናቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት በሴንቲ ሜትር በራሱ አባዙ፤ በፒስተኑ የጉዞ ርዝመት አባዙ፤ ከዚያ በ0.785 አባዙ። የኤምኤስ 660 ሲሊንደር 5.4 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ፒስተኑ 4 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ውጤቱ 91.6 ነው። ስፋቱ 4.5፣ ጉዞው 3.3 የሆነ መጋዝ ላይ ማንኛውም ቁጥር ቢለጠፍ ከ52 ሲሲ ብዙ አያልፍም። ሁለቱን ልኮች ሊነግራችሁ የማይችል ሻጭ ዘንድ ገንዘባችሁን አታውጡ።

አሁን ጥያቄው የምንሰነጥቀው ምን እንደሆነ ነው። በፋርጣና በጋይንት ደጋ ያለው የገበሬው ዛፍ በአብዛኛው ነጭ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደጋውን ያዳረሰ እንግዳ ነው። የእኛ ገበሬ ብዙውን ጊዜ በአጣናነት ይሸጠዋል፤ ለጣውላ እንዲደርስ የሚጠብቀው ጥቂት ነው። ለጣውላ የሚደርሰውም አብዛኛው ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ግንድ ነው። እንግዲህ ከጻፍነው ልክ ጋር አስተያዩት። ለዚህ ግንድ የሚያስፈልገው 70 ሲሲ ሞተርና 50 ሴንቲ ሜትር ባር ነው። የ90 ሴንቲ ሜትር ባር የያዘ መጋዝ ማየት ያምራል፤ ለዚህ ግንድ ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ባህር ዛፍ የራሱ ጠባይ አለው። ቆሞ ሳለ ውስጡ የተወጠረ ነው። ሲቆረጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ጣውላው ከግንዱ ሲለይ ይቀለበሳል፤ የተከፈተው መስመር ተመልሶ ባሩን ይጨብጠዋል። ስለዚህ መጋዙ ሲገባ ከኋላው ሽብልቅ ይግባ። ከአንድ ወገን ብቻ አትሰንጥቁ፤ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያላችሁ ግንዱን አመዛዝኑት። ሳይደርቅም ሰንጥቁት። የፈረንጅ ጽድ ከዚህ ይቀላል፤ ለስላሳ ነው፣ ሞተሩንም አያስጨንቅም።

ሰንሰለቱም ለጣውላ የተሳለ ይሁን። ከፋብሪካ የሚመጣው ለአግድም ቁርጥ የታሰበ ነው፤ የጥርሱ ግንባር 30 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ለጣውላ ወደ 10 ዲግሪ መቅረብ አለበት። በሞረድ ቀስ በቀስ፣ በእያንዳንዱ መሳል ወደዚያ አምጡት። ጣውላው ይለሰልሳል፣ መጋዙም አይዋልልም። ጉልበት ባጠረበት አገር የተሳለ ጥርስ ሲሲ የመጨመር ያህል ነው።

የሞተር መጋዝ ጣውላ የሚያባክን መሆኑንም መሸሸግ አይገባም። እያንዳንዱ መስመር 9 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ፍርካሽ ያደርጋል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ለማውጣት 3.4 ሴንቲ ሜትር እንጨት እንከፍላለን። ከ30 ሴንቲ ሜትር እንጨት 8 ጣውላ እናገኛለን፤ ምላጩ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ የባንድ ሶው ማሽን 10 ይወጣ ነበር። ቼንሶ የሚያዋጣው መኪና በማይገባበት፣ ግንዱን ተሸክሞ ማውጣት በማይቻልበት ቦታ ነው። መንገድ ዳር ያለውን ግንድ ወደ መሰንጠቂያ ቤት ውሰዱት።

በመጨረሻ፣ ልክ ሲነሣ የማይለካውንም ማንሣት ግድ ይለኛል። በደቡብ ጎንደር ያሉት ወፋፍራም ዛፎች፣ ረጅም ባር የሚጠይቁት፣ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ናቸው፦ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት ያጠኑት እነዚህኑ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። የአካባቢው የጥንት ደን ቅሪት ያለው እዚያ ነው፤ እረኛና ማረሻ ያላገኘው ዘር የቀረው እዚያ ነው። ከጉና የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞችም ወደ ጣና የሚወርዱት ይህ ተራራ ውኃ ስለሚይዝ ነው፤ ተራራው ውኃ የሚይዘው ደግሞ የሚሸፍነው ሲኖር ነው። ከተፈጥሮ ደን አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥን የደን አዋጁም ይከለክላል። 120 ሲሲ ሞተርና 90 ሴንቲ ሜትር ባር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግንዱ የት እንዳለ ለራሱ ይመልስ። መልሱ ቅጥር ውስጥ ከሆነ መጋዙ አይገዛ።

ስለ ሰውነታችሁ አንድ ቃል። የባሩ የላይኛው ጫፍ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ያዘው ሰው ይዘላል፤ ባሩ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ምን እንደሚነካ ለማየት ይከብዳል። ቁር፣ የዓይን መከላከያ፣ የጆሮ መሸፈኛ፣ ጠንካራ ጫማ የቅንጦት ዕቃዎች አይደሉም፤ የመጋዙ ዋጋ አካል ናቸው። ብቻችሁን ጫካ ገብታችሁ አትሰንጥቁ።

እንግዲህ በማኅበር ያላችሁ ወጣቶች፣ ከነገ ጀምሮ ልታደርጉት የምትችሉት ይህ ነው። መጋዝ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ የአባላቱን ዛፎች ዙሩ፤ የግንዱን ስፋት መዝግቡ። ከመዝገቡ ባሩን አግኙ፤ ከባሩ ሞተሩን አግኙ፤ ልኩም የጉና ሩብ የተቀነሰበት የደብረ ታቦሩ ይሁን። በቀረው ገንዘብ ሁለት ትርፍ ሰንሰለት፣ ጥሩ ሞረድ፣ ሽብልቅና መከላከያ ግዙ። ከልካችሁ የሚያልፍ ግንድ ሲገጥማችሁ ብድር ገብታችሁ ትልቅ ሞተር አታምጡ፤ በወረዳ ደረጃ አንድ ትልቅ መጋዝ በጋራ ይኑራችሁና በተራ ተጠቀሙበት። ዛፍ ለማድረስ ገበሬው ዓመታት ይደክማል፤ ያ ድካም በአንድ ቀን ያልተመጣጠነ ሥራ ፍርካሽ ሆኖ መቅረት የለበትም። ልኩን ማወቅ የእኛ ግዴታ ነው።